ምድር ቀጠሮ አትሰጥም፤ ልማድ ግን አላት

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ሦስተኛ ሳምንት ካርቲየ ሰባት ውስጥ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ አንድ የድምፅ መልእክት ደርሶት ነበር። ማን እንደተናገረው አይታወቅም። ድምፁ የጎልማሳ ወንድ ነው፤ ደግሞም የተረጋጋ ነው። ምሁራን አረጋግጠዋል፣ ዛሬ ሌሊት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ትልቁ ይመጣል፣ አዲስ አበባ፣ አዳማና መተሐራ ያላችሁ ከቤት ውጡ ይላል። መጨረሻ ላይ፣ ይህን ለአሥር ሰው ያላስተላለፈ በወገኑ ላይ ፈርዷል ብሎ ይዘጋል። እናቶቻችን አስተላለፉ። እኛም አስተላለፍን። ቤተሰባችን እዚያ እያለ እንዳልሰማን መሆን አልቻልንም።

የአንዷ የክበባችን አባል አያት መተሐራ ነው የሚኖሩት። ልጃቸው ከዚህ ደውላ «እማዬ፣ በሞቴ፣ ዛሬ ቤት ውስጥ እንዳታድሪ» አለቻቸው። እሳቸውም የልጃቸውን ቃል አክብረው ግቢ ውስጥ ሸራ ዘርግተው ሦስት ሌሊት ውጪ አደሩ። በተባለው ሰዓት የመጣ ነገር አልነበረም። የመጣው ብርዱ ነው። ሳል ያዛቸው፣ ትኩሳት ተከተለ፣ ሐኪም ዘንድ ሄደው መድኃኒት ታዘዘላቸውና ወደ ቤት ገብተው ተኙ። ታኅሣሥ 26 ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ፣ የተለያዩ ተቋማት ከ5.5 እስከ 5.8 የለኩት መንቀጥቀጥ ሲመጣ አያት አልጋቸው ላይ ነበሩ። ለዚያኛው ማንም መልእክት አልላከም። ግድግዳው ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ ተሰነጠቀ እንጂ እግዚአብሔር ይመስገን አልወደቀም።

እኛ የሳይንስ ክበብ አባላት ይህን ጽሑፍ ለዓመቱ መጽሔት ስናዘጋጅ ለሁለት ተከፍለን ነበር። ግማሾቻችን «ሳይንስ ቀኑን መናገር ካልቻለ ምን ይጠቅመናል?» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «አንድ ቀን መናገሩ አይቀርም፣ ፈረንጆቹ ያውቁታል፣ ይደብቁናል» አልን። ክረምት ሊገባ ሲል ሁለታችንም እንደተሳሳትን ተስማማን። አንድ ነገር መቼ እንደሚመጣ አለመታወቁና ሥርዓት የሌለው መሆኑ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። የመሬት መንቀጥቀጥ ሥርዓት አለው። የሌለው ቀጠሮ ነው።

ይህን ያስተማረን ግማሽ ጡብ ነው። መምህራችን ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ ወረቀት አስለጠፉን፤ በላዩ ጡቡን አስቀመጥን፤ ከብስክሌት ጎማ ውስጥ የወጣ ላስቲክ አሰርንበትና በዝግታ መሳብ ጀመርን። ላስቲኩ ይለጠጣል፣ ጡቡ ንቅንቅ አይልም። አሁንም ይለጠጣል፣ አሁንም ዝም። ከዚያ ድንገት ሸርተት ይላል፤ አንዳንዴ የጥፍር ያህል፣ አንዳንዴ ከስንዝር በላይ። የምንስበው ግን ሳንጨምር ሳንቀንስ በአንድ ፍጥነት ነበር። ቀጣዩ መቼ እንደሚሆን ተወራረድን። አንድ ሁለቴ ያወቀ ነበረ፤ ሦስተኛው ላይ አፈረ። ከዚያ እያንዳንዱን መንሸራተት ሰሌዳው ላይ በርዝመቱ መደብን። ትንንሾቹ ሰሌዳውን ሞሉት፣ መካከለኞቹ ጥቂት ሆኑ፣ ትልልቆቹ በጣት የሚቆጠሩ። በማግስቱ ደገምነው። የመንሸራተቱ ተራ ከትናንቱ ጋር ፈጽሞ አይገጥምም፤ የሰሌዳው መልክ ግን ያው ነው።

ሁለት ጡብ ለየብቻ አስረን እርስ በርሳቸውም በላስቲክ ስናያይዛቸው ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበ። አንዱ ሲሄድ ሌላውን ይጎትተዋል፣ አንዳንዴም ሸክሙን ያቀልለታል። እ.ኤ.አ. በ1967 ቡሪጅና ኖፖፍ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ጡብን በሞላ አያይዘው ይህንኑ ሠርተውት እንደነበር በኋላ ነው የሰማነው። እኛ ደግሞ አዲስ ነገር ያገኘን መስሎን ተኩራርተን ነበር!

ሰሌዳው ላይ ያየነው መልክ በዓለም ሁሉ ያለ ነው። ጉተንበርግና ሪክተር የተባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1944 የካሊፎርኒያን መንቀጥቀጦች ቆጥረው እንዳሳዩት፣ መጠኑ በአንድ ቁጥር ዝቅ ባለ ቁጥር ብዛቱ ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። በዓለም ላይ በአንድ ዓመት 7 እና ከዚያ በላይ የሚለካ መንቀጥቀጥ 15 ያህል ይደርሳል፤ ከ6 እስከ 7 ያለው ከ100 በላይ፣ ከ5 እስከ 6 ያለው ከ1,000 በላይ፣ ከ4 እስከ 5 ያለው ከ10,000 በላይ ነው። መጠኑ በአንድ ቁጥር ሲጨምር የሚለቀቀው ጉልበት ደግሞ 32 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ «ትንንሹ ሲበዛ ትልቁ ይተነፍሳል» የሚለው የሠፈራችን ማጽናኛ ሒሳቡ አይሠራም። የአንድ መጠን 6 ጉልበት በመጠን 4 ለመክፈል አንድ ሺህ ያህል መንቀጥቀጥ ያስፈልጋል፣ ምድር ግን ለአንድ 6 የምትሰጠው መቶ ገደማ 4 ብቻ ነው።

ትንሹም ትልቁም ተመሳሳይ መልክ የሚይዝበትን ነገር የሒሳብ ሰዎች ፍራክታል ይሉታል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣለት ማንዴልብሮት ነው። ቀደም ብሎ በ1967 የብሪታኒያ የባሕር ጠረፍ ርዝመት ስንት ነው ብሎ ጠይቆ ነበር። መልሱ እንደ መለኪያው ነው፤ በአጭር ዘንግ የለካ ሰው እያንዳንዱን እጥፋት ስለሚቆጥር ረጅም ቁጥር ያገኛል። የታጁራን ባሕረ ሰላጤ በካርታ ላይ በክር ለክታችሁ፣ ከዚያ በእግራችሁ ብትዞሩት ያው ይገጥማችኋል።

እኛ ግን በዓይናችን ያየነው ወደ አሳል ሐይቅ በሄድንበት የትምህርት ጉዞ ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ከጉቤት እስከ ሐይቁ ያለው ጥቁር ድንጋይ በሙሉ የተሰነጠቀ ነው። አንድ ጓደኛችን የስንጥቅ ፎቶ አነሳ። ፎቶውን በኋላ ክፍል ውስጥ ስናየው ሰው የሚውጥ ገደል ይሁን ጣት የማይገባበት ጭረት መለየት አልቻልንም። ጂኦሎጂስቶች ፎቶ ሲያነሱ መዶሻ ወይም ሳንቲም አጠገቡ የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው አሉን። ስንጥቁ ራሱ ልኩን አይናገርም። መንቀጥቀጥም እንዲሁ ነው፤ ሲጀምር ትንሽ ሆኖ እንደሚቀር ወይም ተያይዞ ረጅም መንገድ እንደሚሄድ የሚታወቀው ካለቀ በኋላ ነው።

አሳል ላይ ምድር በዓመት 16 ሚሊሜትር ገደማ ትከፈታለች። ይህ በደኅናው ጊዜ የሚለካ ነው። ጥቅምት 28 ቀን 1971 ዓ.ም. ግን ምድሪቱ ስትንቀጠቀጥ ቆይታ አርዱኮባ ፈነዳ፣ አንድ ሳምንት ያህል እሳት አፈሰሰ፣ ስምጡም በዚያ ሰሞን እስከ ሁለት ሜትር ተከፈተ። አስሉት፤ ከመቶ ዓመት በላይ የሚሆን ጉዞ በቀናት ውስጥ ማለት ነው። ምድር እንደ ቤት ኪራይ በየወሩ አትከፍልም። ታጠራቅማለች፣ ከዚያ ታወጣዋለች። ልክ ሲደርስ ታወጣለች ብለው በዓመት የሚቆጥሩ ሰዎችም አልተሳካላቸውም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓርክፊልድ የምትባል ቦታ ከ1857 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. በየሃያ ሁለት ዓመቱ ገደማ ትንቀጠቀጥ ነበርና ተመራማሪዎች ቀጣዩ እስከ 1993 ይመጣል ብለው መሣሪያቸውን ተክለው ጠበቁ። የመጣው በመስከረም 2004 ነው። ይህን ያህል የተዘጋጁ ሰዎች በአሥራ አንድ ዓመት ከተሳሳቱ፣ የስልኩ ሰውዬ ሰዓቱን ከየት አገኘው?

ለምን እንዲህ እንደሚሆን የሚያስረዳው ደግሞ ከአየር ጠባይ ጥናት የመጣ ታሪክ ነው። ኤድዋርድ ሎሬንዝ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1961 የአየር ጠባይን በኮምፒዩተር ሲያሰላ፣ ሥራውን ከመካከል ለመቀጠል ብሎ 0.506127 በሚለው ቁጥር ፈንታ 0.506 አስገባ። ቡና ጠጥቶ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ያወጣው አየር ከመጀመሪያው ጋር የማይተዋወቅ ሌላ አየር ሆኖ አገኘው። ስሌቱ ያው ነው፣ ዕጣ የለበትም፤ ግን መነሻው ላይ ያለች ቅንጣት ልዩነት እየበዛች መጨረሻውን ትለውጠዋለች። ኬኦስ የሚባለው ይህ ነው። ከመሬት በታች ያለው ስንጥቅ ሁሉ ምን ያህል ሸክም እንደተሸከመ እስከ መጨረሻዋ አሃዝ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ቀኑን የሚያውቅም የለም። መሣሪያ ስላነሰን ብቻ አይደለም።

ታዲያ ምን ይታወቃል? ብዙ ነገር። የት እንደሚሆን በሰፊው ይታወቃል። መጠኖቹ በምን ዓይነት ስፍር እንደሚመጡ ይታወቃል። ከጠንካራ መንቀጥቀጥ በኋላ ተከታዮቹ እንዴት እንደሚሳሱ ጃፓናዊው ኦሞሪ እ.ኤ.አ. በ1894 አሳይቷል፤ በግርድፉ በአሥረኛው ቀን የሚመጡት የመጀመሪያውን ቀን አንድ አሥረኛ ያህል ናቸው። ስለዚህ ጠንካራ ከመጣ በኋላ፣ ግድግዳው የተሰነጠቀበት ሰው ለጥቂት ቀን ውጪ ማደሩ ሞኝነት አይደለም። አያትም ማየት የነበረባቸው ግድግዳቸውን እንጂ የልጃቸውን ስልክ አልነበረም።

የ2017ቱ የአዋሽ ፈንታሌና የዶፈን መንቀጥቀጥ ግን ይህንንም ልማድ በቀጥታ አልተከተለም፤ ይህን መሸፋፈን አንፈልግም። መስከረም ላይ ጀመረ፣ መስከረም 26 አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያሉ ሰዎችን አስደነገጠ፣ ጋብ አለ፣ ታኅሣሥ ላይ በረታ፣ ዶፈን አጠገብ ምድር ተቀድዶ እንፋሎትና ጭቃ ተፋ፣ ደግሞ ጋብ ሲል የካቲት 7 ወደ 6 የተጠጋ ተከተለ። ትልቁ መጀመሪያ መጥቶ ሌሎቹ እየሳሱ አልሄዱም። ምክንያቱ ከሥር ቅልጥ አለት ወደ ጎን እየሰረገ ድንጋዩን ይሰነጥቅ ስለነበረ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ከዳባሁ ተራራ ጀምሮ በሰሜን አፋር 60 ኪሎ ሜትር የሚሆን ምድር የተከፈተውም እንዲሁ ነበር፤ በቦታው እስከ 8 ሜትር ሰፍቷል፣ ከ3.9 በላይ የሆኑ 163 መንቀጥቀጦችም ተመዝግበዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ «አበቃ» ብሎ የሚናገር ባለሙያ ቢኖር እኛም አናምነውም ነበር። መንግሥት 80,000 ያህል ሰዎችን ከአካባቢው ለማንሳት መወሰኑ ትክክል ነበር እንላለን፤ ውሳኔው የተመሠረተው ለሰዓት በተቆረጠ ትንቢት ላይ አልነበረም።

«ቻይናዎች አስቀድመው አውቀዋል» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1975 ሃይቼንግ ላይ ብዙ ትንንሽ መንቀጥቀጥ ቀድሞ ስለታየ ሕዝቡ ከቤት ወጥቶ ብዙ ሰው ተርፏል። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ግን ታንግሻን ያለ ማስጠንቀቂያ ፈርሳ ከ240,000 በላይ ሰው አለቀ። የመጀመሪያውን ብቻ የሚያወራ ሰው ግማሹን ዋሽቷል።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች ውስጥ የብዙዎቻችሁ አባት ሹፌር ነው። ከወደቡ ጭነው በገላፊ በኩል ሲወጡ የሚያልፉት መንገድ በዶቢና በሰርዶ በኩል ነው። ዶቢ ላይ ነሐሴ 14 ቀን 1981 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ ጠንካራ መንቀጥቀጦች ከአንዱ ስንጥቅ ወደ ሌላው እየተሻገሩ መጡ፤ እንደ ሁለቱ ጡቦቻችን። ሰርዶ ደግሞ መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. ከ6 በላይ በሆነ መንቀጥቀጥ ፈርሳ ከሃያ በላይ ሰው ሞቶባታል። ያን ጊዜ ሠመራ የሚባል ከተማ አልነበረም። ዛሬ ከሰርዶ ብዙም ሳትርቅ ዩኒቨርሲቲ፣ አውሮፕላን ማረፊያና ፎቅ ያላት ከተማ ቆማለች። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬ ሲናወጥ ማጀቴ ፈረሰች፤ ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. ከላንጋኖ በኩል የመጣው አዲስ አበባን ሲያንቀጠቅጥ ከተማዋ በአብዛኛው ጎጆና ድንኳን ነበረች። የምድር ልማድ ያው ነው። የተለወጠው በላይዋ የጫንነው ነው።

እዚህ ካርቲየ ሰባት ውስጥ የእንጨትና የቆርቆሮ ቤት የድህነት ምልክት ተደርጎ ይታያል። በሐምሌ ሙቀት ምድጃ መሆኑን ማንም አይክድም፣ እሳት ቢነሳም አደገኛ ነው። ነገር ግን ቆርቆሮ ሰው ላይ ቢወድቅ ያቆስላል፤ ያለ ብረት የተደረደረ ብሎኬት ይገድላል። አሁን ሠፈራችን ከቆርቆሮ ወደ ብሎኬት እየተሻገረ ነው፤ አንዳንዱም ምሰሶ ሳያቆም ሁለተኛውን ፎቅ ይጨምራል። ወላጆቻችን በፍራንክ ያጠራቀሙትን ልከው ድሬዳዋ፣ አዳማ፣ አዋሽ የሚያሠሩት ቤትም ያው ነው። ግንበኛው በስልክ ቪዲዮ የሚያሳየው ቀለሙን፣ ሴራሚኩንና በሩን ነው። «ኮለኑን አሳየኝ፣ ፌሮው ሲታሰር አሳየኝ፣ ከበሩና ከመስኮቱ በላይ ቤቱን ዙሪያውን የሚያስረው ቢም አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ እስካሁን አልሰማንም። ኢትዮጵያ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ የሚደነግግ የግንባታ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1995 አሳትማለች፤ ደንቡ ግን መጽሐፍ ውስጥ ሆኖ ግድግዳ አያስርም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አንድ አባት ይህን ስንነግራቸው «ልጆቼ፣ እግዚአብሔር የፈቀደው አይቀርም» አሉን። አከበርናቸው፣ አልተከራከርናቸውም። ግን እሳቸው ራሳቸው ጭነታቸውን ሳያስሩ ከወደቡ ወጥተው አያውቁም፤ ገመዱን ሁለቴ ፈትሸው ነው «በስምህ» ብለው የሚነሱት። ለቤታቸውም ያንኑ ነው የጠየቅናቸው። ትንሽ አሰቡና ለግንበኛው እንደሚደውሉ ነገሩን። እስከዚህ ጽሑፍ ድረስ ደውለዋል፤ ፎቶም አሳይተውናል።

ስለ መልእክቱም አቋማችን ይህ ነው። ቀንና ሰዓት የቆረጠ መልእክት ከማን ቢመጣ፣ ከካህን፣ ከሼህ፣ ከፕሮፌሰር ተባለ፣ አናስተላልፍም። እናቶቻችንም እንዳያስተላልፉ ስልካቸውን ተቀብለን ሳይሆን ጡቡን አሳይተናቸው ለማስረዳት እንሞክራለን። የአንዷ እናት ጡቡን ለአራት ጊዜ ስበው «ይሄማ እንደ ባለቤቴ ነው፣ መቼ እንደሚነሳ አይታወቅም» ብለው አስቀውናል።

ትምህርት ቤታችንም ከዚህ አይወጣም። በቤተ መጻሕፍቱ ያሉት ረጃጅም መደርደሪያዎች ግድግዳው ላይ አልተያያዙም፤ ከሥራቸው የሚቀመጡት ደግሞ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች ናቸው። የሚያስፈልገው የብረት ማዕዘንና ቡሎን ነው። የወላጆች ኮሚቴ ለበዓል ዝግጅት ካወጣው ገንዘብ በጣም ያነሰ ነው፤ ይህን ስንጽፍ እንደሚያስቆጣ እናውቃለን። በዓመት ሁለት ጊዜም ልምምድ እንዲደረግ እንጠይቃለን፤ ምድር ስትንቀጠቀጥ ወደ ደረጃው መሮጥ ሳይሆን ጠረጴዛ ሥር ገብቶ እግሩን መያዝ፣ ሲያቆም መውጣት።

አንድ ነገር ግን ማንንም ሳንጠይቅ ጀምረናል። ፒየር ጉዌን የተባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ካህን በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲውን የጂኦፊዚክስ ጣቢያ አቋቁመው ለዓመታት ሲሠሩ የነገሥታቱን ዜና መዋዕል፣ የመንገደኞችን ማስታወሻና የጣቢያዎችን መዝገብ አንድ በአንድ ለቅመው እ.ኤ.አ. በ1979 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፍ አወጡ። ዛሬ ስለ ምድራችን ልማድ የምናውቀው ብዙው ነገር አንድ ሰው የሆነ ቀን «ዛሬ ምድር ተንቀጠቀጠች» ብሎ ስለጻፈ የተገኘ ነው። አርታ ላይ ያለው ጣቢያ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመሣሪያ ይመዘግባል። እኛ መሣሪያ የለንም፤ ሰው ግን አለን።

ስለዚህ ባለ መቶ ገጽ ደብተር ገዝተን በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ አንጠልጥለናል። ንዝረት የተሰማው ተማሪ፣ መምህር ወይም ጥበቃ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የት እንደነበረ፣ ቆሞ ወይስ ተኝቶ፣ ምን እንደተንቀሳቀሰ ይጽፍበታል፤ ከአገር ቤት የተደወለለትም የሰማውን ከነቦታው ይጽፋል። ስለሚመጣው የሚጻፍበት ዓምድ የለውም። እርሳሱ በክር ታስሯል፤ እባካችሁ አትውሰዱት።